ወፍ ልናይ ወጥተን

በዐቢይ ጾም የሠርግ ፎቶ አንሺ መሆን፣ በሐምሌ እንጅባራ ላይ አይስክሬም እንደ መሸጥ ነው። ሙሽራ የለም፣ ሚዜ የለም፣ ኬክ ቆራሽ የለም። ስቱዲዮዬ መስኮት ላይ የለጠፍኳት ባለ ቬሎ ሙሽራ እንኳ ጾሙ ሲጋመስ ፊቷ የሚከሳ ይመስለኛል። ብቅ የሚለው ሰው የጉርድ ፎቶ ፈላጊ ብቻ ነው፤ እሱንም "ትንሽ ፈገግ በል" ስትሉት፣ "ለመታወቂያ ነው እኮ!" ብሎ ይቆጣችኋል።

ወፍ ማየት የጀመርኩት በዚህ ሥራ በምፈታበት ወቅት ነው። ለሠርግ ብዬ የገዛሁትን ረጅም ሌንስ ልሞክር፣ ከስቱዲዮዬ ፊት ለፊት ወዳለው ወይራ ሳነጣጥር አንድ ወፍ ቀጥ ብሎ አየኝ። ግራጫ ነው፤ መጠኑ ከድንቢጥ አይዘልም፤ አናቱ ላይ ግን ጥቁር ቆብ ደፍቷል። ከገዳም ለጉዳይ ወጥቶ ከተማ የገባ መነኩሴ ይመስላል። ስልኬን ብጠይቀው፣ የሩቅ አገር ወፍ ነው አለኝ። አገሩ ሲበርድ ባሕርና በረሃ አቋርጦ እኛ ደጋ ላይ ይከርማል፤ አገሩ ሲሞቅ ደግሞ ተነስቶ ይሄዳል። ብርድ ሸሽቶ እንጅባራ መምጣቱ ግራ አጋብቶኛል፤ የሆነ የተሳሳተ መረጃ የሰጠው ሳይኖር አይቀርም። ግን አሳዘነኝ። ይህን ሁሉ ወር እኛ ዛፍ ላይ ሲቀመጥ "እንኳን ደህና መጣህ" ያለው አንድ ሰው የለም።

"መነኩሴው" ብዬ ሰየምኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ እሱን ማደን ሆነ ሥራዬ። ችግሩ፣ እሱ ሙሽራ አይደለም፤ ቁም ቢሉት አይቆምም። እኔ ላነሳው ስል እሱ ይነሳል። ኮምፒውተሬ ውስጥ እሱ የተነሳባቸው ቅርንጫፎች ፎቶ ሞልቶ ፈሷል። አንዳንዶቹ ቅርንጫፎች በእርግጥ ቆንጆ ናቸው።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል ወፎቹ እያነሱ መጡ። የስቱዲዮው ወይራ ባዶውን ቀረ። አንድ ጠዋት ትሰማላችሁ፣ በማግስቱ ጭጭ። ወደ ኋላ የቀሩት ጥርባ አካባቢ፣ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ባለው ደን ውስጥ እንደሚሰበሰቡ አውቄ ነበር። ዙሪያው ሁሉ ለከሰል የሚተከል የዲከረንስ ዛፍ ሲሆን፣ እዚያ ግን ጥቁር እንጨቱም ኮሶውም ገና አለ። ከመሄዳቸው በፊት ፍሬ ይለቅማሉ፣ ደግሞም ይዘምራሉ። ይቺ ቅዳሜ ካለፈችኝ ፋሲካ ይደርሳል፣ ሠርግ ይጎርፋል፣ መነኩሴውም እስከ ጥቅምት አይገኝም።

ጠዋት ካሜራዬን ስወለውል ባለቤቴ እናና መጥታ አጠገቤ ቆመች። እናና ዝም ብላ አጠገቤ ከቆመች ነገር አለ ማለት ነው።

"አባባንም ይዘሃቸው ሂድ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አባባ የምትላቸው አባቷ ጋሽ ቸኮል ናቸው። ከዳንግላ መጥተው የዓይን ሞራ ከተገፈፈላቸው ወዲህ እኛ ቤት ተቀምጠው ያገግሙ ነበር። ስንት ዘመን ሁሉን ነገር በጉም ውስጥ ሲያዩ ኖረው፣ ፋሻው የተፈታ ዕለት ቤታችን ውስጥ ያላዩት ጉድ አልቀረም። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን አቧራ አዩ። የመጋረጃውን ቀዳዳ አዩ። እኔ ራሴ መሸበት መጀመሬን አዩና ለሁሉም ተናገሩ። እናና ወጥ ስትሠራ ከኋላዋ ቆመው ጨው ስትነሰንስ "በቃ!" ይላሉ። አባቷን ትወዳለች፤ ግን እሷም ሰው ነች።

"ወፍ ማየት ጸጥታ ይፈልጋል እኮ" አልኳት።

"አባባም ዝም ይላሉ።"

"መቼ?"

ትንሽ አሰበች። "ሲተኙ።"

ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ደን ውስጥ ወፍ ለማየት እንደምሄድ፣ መንገዱ ዳገት እንደሆነ፣ ብርድ እንዳለው፣ ወንበርም እንደሌለው ነገርኳቸው። እንዲቀሩ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት "ይህን ሰው ነው ልጄ ያገባችው?" የሚል ነገር ነበር። በመጨረሻ፣ "የት ነው ደኑ?" አሉኝ።

"ጥርባ ነው ጋሼ።"

ቀና አሉ። ጥርባ ተወልደው ያደጉበት ቀዬ ነው፤ ዳንግላ ከገቡ ወዲህ ግን እግራቸውን አላሳረፉበትም። ከተቀመጡበት ተነስተው ነጠላቸውን ደረቡ፣ ከዘራቸውን ያዙ፣ ጫማዬን ሳላስር በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ጀመር። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ሲቸኩሉ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው።

በባጃጅ የጥሊሊን መንገድ ይዘን ሄደን መገንጠያው ላይ ወረድን። ገና ወርደን ልብሳችንን ሳናራግፍ አንዲት ሴትዮ ድንች የሞላ ቅርጫት አዝለው ከፊታችን ቆሙ። ጋሽ ቸኮልን ትክ ብለው አዩና ቅርጫቱን መሬት ላይ ጣሉት። እትዬ አንጓች ይባላሉ፤ ለካ አብሮ አደግ ናቸው። በአዊኛ ሰላምታ ተጀመረ። እኔ አዊኛ የምሰማው ግማሽ በግማሽ ነው፤ የሰማሁት ግማሽ ብቻ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የዝናቡንና የዓይኑን ደኅንነት ጨርሶ ነበር። ቀና ብዬ ዛፎቹን አያለሁ። መነኩሴው ደን ውስጥ ቁርሱን እየጨረሰ ነው።

እትዬ አንጓች ወደ እኔም ዞር ብለው፣ ለክብሬ ይመስለኛል፣ በአማርኛ ጠየቁ። "እንዲያው በማለዳው ወዴት ነው?"

"ወፍ…" ብዬ አፌን ስከፍት፣ የጋሽ ቸኮል ከዘራ እግሬ ላይ አረፈ። በስህተት አልነበረም።

"ለቅሶ" አሉ ጋሽ ቸኮል።

እስቲ ፍረዱ። ሰው መዋሸት ካለበት ስንት የሚዋሽ ነገር አለ! ገበያ ማለት ይቻላል። ፍርድ ቤት ማለት ይቻላል። የጠፋች በግ ፍለጋ ማለት ይቻላል። ለዚህ ሁሉ "ይቅናችሁ" ተብሎ ይታለፋል። "ለቅሶ" ሲባል ግን በእኛ አገር "ይቅናችሁ" ብሎ የሚያልፍ የለም። እትዬ አንጓች ቅርጫታቸውን አንስተው አጠገባችን ላለችው ሻይ ቤት አደራ ሰጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ መሀላችን ገቡ።

"እኔ እንዴት ሳልሰማ!" አሉ፣ ቅር ብሏቸው። ቅር ሊላቸው ይገባል፤ በኋላ እንደተረዳሁት ከዚያ እስከ ጥሊሊ ድረስ እሳቸው ሙሾ አውርደው ያላሟሹበት ለቅሶ እንደ ለቅሶ አይቆጠርም። "የማን ቤት ነው?"

ጋሽ ቸኮል ሳሉ። እኔን አዩኝ። እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ፤ ለነገሩ የወጣሁትም ለዚያ ነው። ደግመው ሳሉ።

"የፈንታ ቤት" አሉ።

"ወይኔ! አያ ፈንታ!" እትዬ አንጓች ደረታቸውን ያዙ።

እኔም የራሴን ደረት ልይዝ ምንም አልቀረኝ። የአያ ፈንታ ስም እኛ ቤት የሚነሳ ስም አይደለም። እናና አንድ ጊዜ በሹክሹክታ ነግራኛለች። ጋሽ ቸኮልና አያ ፈንታ አብረው ጥጃ የጠበቁ፣ አብረው ፈረስ የጋለቡ፣ አንዱ ለአንዱ ሚዜ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። አንድ የጥር ክብረ በዓል ላይ፣ ፈረሰኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አያ ፈንታ "የቸኮል ፈረስ ያነክሳል" አሉ። በቃ። ሰው ሳቀ። ጋሽ ቸኮል ከፈረሳቸው ወርደው በእግራቸው ቤታቸው ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ይህ እንኳ ያልፍ ነበር። ካቻምና ግን የአያ ፈንታ ሚስት እማዋይሽ ሞቱ፤ ጋሽ ቸኮል ለቅሶ ሳይደርሱ ቀሩ። እሳቸው ስላልሄዱ ከቤተሰቡም የሄደ የለም። ይህ እንግዲህ በአገራችን በሽማግሌም የሚታረቅ ነገር አይደለም።

እትዬ አንጓች ትንሽ ቀደም ሲሉልን ወደ ጋሽ ቸኮል ጆሮ ጠጋ አልኩ።

"ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው?"

"ምን ልበል ታዲያ? ሽማግሌ ሰው ዓይኑ በበራ ማግስት ወፍ ሊያይ ሄደ ይባልልኝ?"

"እሺ፣ ከስም ሁሉ የአያ ፈንታን?"

"አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።"

"ሰውየው ሞተዋል እንዴ?"

"እኔ ሞተ አላልኩም" አሉ ኮስተር ብለው። "ቤቱን ነው ያልኩት።"

ከዚያ በኋላ መንገዱ ራሱ ሰው ያበቅል ጀመር። ከሰል የጫነ ሰውዬ አህያውን ለጓደኛው ትቶ ተከተለን። ከቀርከሃው አጥር ጀርባ ሁለት ሴቶች እጃቸውን እየተለቃለቁ ወጡ። በቅሎ የሚስብ ገበሬ "ወዴት ናችሁ?" ሳይል፣ የእትዬ አንጓችን ነጠላ አይቶ ብቻ ዞረ። ሁሉም "ማን ነው?" ይላል፤ እትዬ አንጓች "አያ ፈንታ" ይላሉ፤ ሁሉም "ወይ!" ይላል፤ ጋሽ ቸኮል ይስላሉ።

ጥሊሊ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግደው ሰይድ በሞተር ሳይክሉ ሊያልፈን ሲል አወቀኝ። ባለፈው ዓመት የልጁን ሠርግ ያነሳሁለት እኔ ነኝ። ቆመ፤ ሕዝቡን አየ፤ ቀጥሎ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ክንድ የሚያህል ሌንስ አየ።

"ኢና ሊላሂ" አለ። "ፎቶ አንሺ የተጠራበት ለቅሶ ነው? ቀላል ሰው አይደለም የሞተው።"

"ሰይድ፣ ስማኝ…"

"አያ ፈንታ? ያ ፈረሰኛው? ደንበኛዬ እኮ ናቸው!" ሞተሩን አጥፍቶ ስልኩን አወጣ። እዚያ አካባቢ ኔትወርክ እንደ መነኩሴው ነው፤ አየሁት ስትሉ የለም። ሰይድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋና ጮኸ። "አሎ! አያ ፈንታ! አዎ፣ የጥርባው! ዛሬ! ለዕድሩ ንገሩ!" ተቋረጠ። እንደገና ቢሞክር እምቢ አለው። አንዲት ቃል ብትጨመር፣ አንድ ሰው "እርግጠኛ ነህ?" ቢለው ኖሮ ሁሉም ነገር በቆመ። ግን የምታስፈልገው ያህል ቃል ብቻ አልፋ መስመሩ ቀጥ አለ።

አሁን እንደ ወንድ መናገር አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። እትዬ አንጓች ጎን ሄጄ፣ "እትዬ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር ነበር" አልኳቸው። ጉሮሮዬ ተናነቀኝ፤ ከፍርሃት ነው።

እጄን ያዙኝ። "ዝም በል ልጄ። እኔም የእናቴ ለት መናገር አቅቶኝ ነበር።"

እጄን እንደያዙኝ አብሬያቸው ተራመድኩ።

ደኑ ጋ ስንደርስ እትዬ አንጓች ሰውን አስቆሙ። የአያ ፈንታ ቤት ከደኑ ባሻገር ነው። "ተንጠባጥበን አንገባም፤ የጥሊሊዎቹ ይድረሱና አንድ ላይ እንገባለን" አሉ። ሰው ሁሉ ከዛፎቹ ሥር ተቀመጠ። ለቅሶ ሊገባ የሚጠብቅ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ቃል የለም። አንገት ደፍቶ መሬት ያያል። ጋሽ ቸኮል እንኳ ዝም አሉ፤ ሳይተኙ።

እኔ ስንት ቅዳሜ ብቻዬን እዚህ ደን ውስጥ ተሹለክልኬአለሁ። እግሬ ደረቅ ቅጠል ላይ ኮሽ እያለ፣ ስልኬ እየጮኸ፣ እያስነጠሰኝ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ግን አግኝቼ አላውቅም። ከላይ ጉሙ እየሳሳ ነው፤ ከታች ሐይቁ በግንዶቹ መሀል እንደ መስታወት ያበራል። በዚያ መሀል ከጥቁር እንጨቱ ጫፍ ዜማ ተነሳ። መጀመሪያ ማጉረምረም ይመስላል፤ ከዚያ ጥርት ብሎ እንደ ዋሽንት ይወርዳል። መነኩሴው ነው! ልሄድ ነው እያለ ነው።

እጄ ወደ ካሜራው ሄደ። መለስኩት። ለቅሶ ላይ ወፍ የሚያነሳ ምን ዓይነት ሰው ነው? ደግሞ ሄደ። ፊቴን ለብርዱ በደረብኩት ነጠላ የምሸፍን መስዬ ሌንሱን በነጠላው ሥር አሾልኬ ፈለግኩ። ቅርንጫፍ። ቅጠል። ሌላ ቅርንጫፍ።

"ያውልህ" አለኝ አንድ ድምፅ በሹክሹክታ። ጋሽ ቸኮል ናቸው። ያለ ሌንስ፣ ያለ ምንም፣ በአዲሶቹ ዓይኖቻቸው ቀና ብለው ያያሉ። "ከሁለቱ ቅርንጫፎች መሀል። ቆብ አለው።" አፋቸው ተከፍቷል። ወፉ ጉሮሮውን ነፍቶ ሲዘምር አይተው፣ "ይህች ታህል ነገር…" ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱ ቀሩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሰይድ ማዶ ሆኖ አያቸውና ራሱን ነቀነቀ፤ "እንዴት ቢወዷቸው ነው" ሲል ሰማሁት።

አገኘሁት! ቆቡ፣ ጉሮሮው፣ ዓይኑ ውስጥ ያለችው ብርሃን ሳትቀር። ጣቴን ጫንኩ።

ካሜራዬ ለሠርግ ሁካታ የተገዛ ነው፤ ድምፁ በዚያ ጸጥታ ውስጥ እንደ ቆርቆሮ ጮኸ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ሰው ሁሉ ቀና አለ።

"ምንድን ነው የምታነሳው?" አሉ እትዬ አንጓች።

"አካባቢውን" አልኩ።

ወዲያው ከደኑ ባሻገር ጥሩምባ ተነፋ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ረዘም ያለ፣ የሞት ጥሩምባ። መነኩሴው ብር ብሎ ሄደ። የሰይድ መልእክት ደርሳለች ማለት ነው።

ጋሽ ቸኮል ደንግጠው ክንዴን ያዙ። "ማን ሞተ ደግሞ?"

"አያ ፈንታ ናቸዋ ጋሼ" አልኳቸው። "እርስዎ የገደሏቸው።"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የገባቸው አይመስለኝም። ፊታቸው አመድ መሰለ። "ልጄ፣ እንመለስ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ ወደ መጣንበት እያዩ። ያን ጊዜ ግን የጥሊሊዎቹ በሚኒባስ ደርሰው መንገዱን ሞልተውታል፤ ከኋላም ሰው፣ ከፊትም ሰው። ባለ በቅሎው ገበሬ መደንገጣቸውን አይቶ፣ "አባት፣ ሐዘኑ ጎድቶዎታል" አለና በቅሎው ላይ አወጣቸው። ልከለክል ብሞክርም አልሰሙኝም። አማቴ ባልሞተ ሰው ለቅሶ ላይ፣ በቅሎ ተቀምጠው፣ ከሁሉ ፊት ተሰለፉ።

ከደኑ ወጥተን ቤቱ ሲታይ እትዬ አንጓች እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው እሪ አሉ። ሕዝቡ ተከተላቸው። ውሾች ጮኹ። ግቢው በር ላይ ስንደርስ በሩ ከውስጥ ተከፈተና አንድ ቀጥ ያሉ ረጅም ሽማግሌ ወጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ከዘራ ይዘዋል፤ ለለቅሶ ተሰናድተው መውጣታቸው ነው።

"ማን ነው የሞተው?" አሉን አያ ፈንታ። "ጥሩምባውን ሰምቼ እየወጣሁ ነው፤ እናንተ ደግሞ ወደ እኔ መጣችሁ?"

የእትዬ አንጓች እሪታ መብራት እንደጠፋበት ሬዲዮ ቀጥ አለ። ኋላ ያሉት ስላላዩ ትንሽ አልቅሰው ቆሙ።

"አያ ፈንታ" አለ ሰይድ በመጨረሻ። "ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። ምነው?"

ሁሉም ወደ በቅሎው ዞረ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም። በሰው ላይ ሞት ማውራት ቀልድ አይደለም፤ ሟርት ነው። ያን ሁሉ ሰው ከሥራው አስነስቶ፣ ጥሩምባ አስነፍቶ፣ ወፍ ልናይ ነበር የወጣነው ሊባል ነው? አማቴ እዚያው ስማቸው እንደ ጨርቅ ሲቀደድ ታየኝ። ልናገር፣ ጥፋቱን በእኔ ላድርገው ብዬ አንድ እርምጃ ስራመድ፣ ጋሽ ቸኮል ከበቅሎው እየወረዱ ነበር። ማንም አልረዳቸውም።

አያ ፈንታ አተኩረው አዩአቸው። "ቸኮል?"

"አዎ።"

"ሞተ ያልከኝ አንተ ነህ?"

"ሞተ አላልኩም። ለቅሶ ነው ያልኩት።"

"የማን ለቅሶ?"

ጋሽ ቸኮል ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሊስሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳሉም።

"የእማዋይሽ" አሉ።

አያ ፈንታ ከዘራቸውን ዝቅ አደረጉ። "እማዋይሽማ…" ብለው ጀመሩ።

"አውቃለሁ። ስትሞት አልመጣሁም። አንተ ላይ ተኩራርቼ እሷን በደልኩ። ይኸው መጣሁ እንግዲህ። እግዜር ያጥናህ፣ ፈንታ።"

እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም ነበር፤ እትዬ አንጓች ግን አወቁ። ካቻምና እማዋይሽን ያሟሹት እሳቸው ናቸውና ዜማው አልጠፋቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከቅድሙ እጅግ ዝግ ባለ ድምፅ አወረዱት።

"ተነሽ እማዋይሽ፣ በሩን ክፈቺለት፣
የቀረው እንግዳ፣ መንገዱ ቀናለት።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ተያያዙና ጉንጫቸውን አጋጥመው አለቀሱ። ያ ሁሉ ሕዝብም አለቀሰ፤ የእውነት። ሴቲቱን የማያውቃት እንኳ የራሱን ሰው እያሰበ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ካሜራው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አንድ ፎቶ ላነሳ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ከዚያ የሆነው ሁሉ እንደ ማንኛውም ለቅሶ ቤት ነው። የአያ ፈንታ ልጅ ድንች ቀቅላ በትልቅ ሰፌድ ከአዋዜ ጋር አቀረበች። ሰይድ ከአያ ፈንታ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ጥሩምባ ነፊው እያለከለከ ሲደርስ አያ ፈንታ አጠገባቸው አስቀመጡት።

"ለእኔ ነው የነፋኸው?" አሉት።

"አዎ አያ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ጥሩ ነፍተሃል። የምሞት ለትም እንዲሁ ይሁን፤ እንዳታሳጥራት።"

ቀጥሎ ዓይናቸው እኔ አንገት ላይ አረፈ። "ይህስ መድፍ ምንድን ነው?"

ጋሽ ቸኮል ቀደሙኝ። "አማቼ ነው፤ ፎቶ አንሺ ነው። እውነቱን ልንገርህ ፈንታ፣ የወጣነው ወፍ ልናይ ነበር።"

ጉሮሮዬ ላይ ያለችው ድንች ቆመች።

"ወፍ?" አሉ አያ ፈንታ።

"ወፍ።"

"እና፣ አያችሁ?"

"አየን!" አሉ ጋሽ ቸኮል። ጠዋት "ወፍ" በምትለዋ ቃል ያፈሩት ሰውዬ፣ አሁን በእጃቸው ቆብ እየሠሩ፣ ጉሮሮውን እንዴት እንደሚነፋ እያሳዩ፣ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ከእኔ በሰሙት ላይ ከራሳቸው እየጨመሩ ይተርኩ ጀመር። አያ ፈንታ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው ሲሰሙ ቆዩ።

"ፈረስህ ግን ያነክስ ነበር" አሉ ድንገት።

ያ ሁሉ እጅ ከሰፌዱ ላይ ባለበት ቆመ። እትዬ አንጓች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

ጋሽ ቸኮል አንዲት ድንች መርጠው ላጡ፤ ቀስ ብለው አዋዜ ነከሩ።

"ዳገት ላይ ብቻ ነው" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ሲናጋ፣ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ያለው የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንሂድ ብላቸው ጋሽ ቸኮል አልሰሙኝም። ሁለቱ ደጅ አጥሩ ሥር ተቀምጠው በአዊኛ ያወራሉ፤ ከማውቀው ግማሽ ውስጥ አንድም አልነበረበትም። ብቻዬን በጥሊሊው ሚኒባስ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በባጃጅ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ካሜራዬን ከፍቼ አየሁ፤ ቅርንጫፍ፣ ቅርንጫፍ፣ የተቀመጠ ሕዝብ ጫፍ፣ ቅርንጫፍ። አንዷ ላይ ግን፣ ጥጉ ላይ፣ በትንሹ የደበዘዘ፣ ቆቡ ይታያል። ደስ አለኝ፤ ግን ጠዋት ባሰብኩት ልክ አይደለም።

እናና በር ላይ ጠበቀችኝ። ከኋላዬ አየች።

"አባባስ?"

"ለቅሶ ቤት ናቸው። እዚያው ያድራሉ።"

"ማን ሞተ?" ደነገጠች።

"የአያ ፈንታ ሚስት። እማዋይሽ።"

"እሷማ ከሞተች ቆየች እኮ!"

"አዎ" አልኳት። "አባትሽ የደረሱት ዛሬ ነው።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጠባቧን አስፋልት፣ የሚገቡትን ባጃጆች ታያለች።

"እኔም እኮ አልደረስኩም ነበር" አለች በመጨረሻ። "ነገ ጠዋት አብረን እንሂድ።"